ያልታጠበ ቦቴ ባዶ አይደለም፦ ስለ ወይዘሮ ቨርና ሃልስታድ ዕረፍት

የቴልፎርድ ካውንቲ የአደገኛ ቆሻሻ ማጓጓዣ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት በተቆጣጣሪነት ያገለገሉት ወይዘሮ ቨርና ሃልስታድ ትናንት ማክሰኞ ጠዋት በሥራ ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሕይወታቸውን የነጠቀው አደጋ ግን ገና አላበቃም።

ወይዘሮ ቨርና እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ከነዳጅ ጉድጓዶች የሚወጣውን ፍሳሽ የሚያመላልስ ቦቴ ያሽከረክሩ ነበር።

በ2011 ያራገፈ ቦቴ እስኪታጠብ ድረስ የአደጋ ምልክቱን እንዳያነሳ የሚያዝዘው መመሪያ በእሳቸው ጥረት ወጣ። ሾፌሮች እንዳራገፉ ምልክቱ እንዳይታይ መገልበጥ ለምደዋል፤ በታንከሩ ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ግን ሰው ይገድላል።

በ2016 ማንም ሰው ያለ መተንፈሻ ጭንብል ቦቴ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ደንብ ጻፉ።

ትናንት በሚዛን ጣቢያው ያስቆሙት ቦቴ ምልክቱ ተገልብጦ ነበር፤ የእጥበት ማረጋገጫም አልያዘም። የጣቢያው መቅረጫ የሾፌሩን የአቶ ዴል ብሬካን ድምፅ ይዟል፦ «ቨርና፣ ባዶ ነው አልኩሽ እኮ! ዛሬ ደግሞ ልታሸቺው ነው?» ወይዘሮ ቨርናም፦ «ባዶ ከሆነ ወረቀቱ የታለ? ውረድ አንተ ሰውዬ፣ ክዳኑን እንዳትነካ!» ብለዋል። አቶ ዴል ባዶነቱን ለማሳየት ክዳኑን ከፈቱና እዚያው ራሳቸውን ሳቱ።

ከጣቢያው ሁለት ጭንብሎች አንዱ ለጥገና ከተላከ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ሌላው ለቅኝት ከጣቢያው በወጣው መኪና ላይ ነበር። ይህ የጽሕፈት ቤታችን ጥፋት ነው። ወይዘሮ ቨርና ራሳቸው የጻፉትን ደንብ ተላልፈው ያለ ጭንብል ቦቴው ላይ ወጡ፤ ሾፌሩንም ገፍተው ከታች ወዳለው በረዶ ጣሏቸው። አቶ ዴል እግራቸው ተሰብሯል፤ በሕይወት አሉ። ወይዘሮ ቨርና ከላይ ቀሩ።

ለባለቤታቸው ለአቶ ኦርቪል፣ ለልጃቸው ለካሪን እና ለባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ቀብራቸው ቅዳሜ ይፈጸማል። በቤተሰቡ ፈቃድ ጣቢያው በዚያ ቀን አይዘጋም።

ትናንት የአቶ ዴል ቦቴ ከተነሣበት ግቢ ስድስት ቦቴዎች ሳይታጠቡ ወጥተዋል። አምስቱን አስቁመናል። ነጭ ጋቢና ያለው ስድስተኛው ይህ መግለጫ እስከ ወጣበት ሰዓት አልተገኘም፤ ሾፌሩም ስልክ አያነሱም።

ይህን የሚያነብ ወይም የሚሰማ ሁሉ ለሾፌሩ ያድርስልን፦ ባሉበት ይቁሙ። ክዳኑን አይንኩ። በዚህ ጊዜ ጭንብል ይዘን እንመጣለን።