የመታችው የእኛ ልጅ ናት

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ጫንያለው፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህስ ተሻለህ? እትዬ ሸዋጌጥና ልጆቹ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከንዴቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ትናንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ባትዘጋው ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። አሁን ግን ቁጭ ብለህ ታነበኛለህ።

«እዚያ አገር ልጃችንን ደበደቧት፤ ልብሷን ሰብስቢ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ» አልከኝ። እነማን ናቸው የደበደቧት? የመታችው ሕብረት ናት! ያንተው የእህት ልጅ! የተመታችው ደግሞ ዱረቲ ናት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ከልጄ ጎን ተነስታ የማታውቅ፣ የጎረቤቴ የአዴ ሊሊሴ ልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱረቲ የክፍል አለቃ ናት። መምህሩ ወጣ ሲሉ የሚረብሹትን ስም ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ አዘዟት፤ የሕብረትን ስም ከሁሉ አስቀድማ ጻፈችው። ሕብረት «ጓደኛዬ ሆነሽ?» ብላ ዳስተሩን ወረወረችና ቅንድቧን ፈነከተቻት። ሌላ ልጅ ብትጽፋት እኮ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥ ነበር! ያንገበገባት የጻፈቻት ጓደኛዋ መሆኗ ነው። ዱረቲም ደሟን እየጠረገች፣ «ጓደኛዬን ዘልዬ የሰው ልጅ ልጽፍ ነው ወይ?» ብላ ስሟን ከሰሌዳው አላጠፋችም።

ታረቁ ብዬ አልዋሽህም፤ አልታረቁም። ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፣ መንገዱን ሙሉ ስለዚያው ስም ይጨቃጨቃሉ፣ ቆሎውን ግን ከአንድ ኪስ ይበላሉ። አዴ ሊሊሴ የልጇ ቅንድብ ተሰፍቶ ሳለ «ሕብረት ደንግጣለች፤ እንዳትመቻት» ብላ ለመነችኝ። ደሙን ያየችው እናት ዘር አልቆጠረችም፤ አንተ ደብረ ብርሃን ተቀምጠህ በወሬ ቆጠርክ። አሳፈርከኝ ጋሼ! አሁን እሷን በምን ዓይኔ ልያት?

ልትወስዳት መሆኑን ዱረቲ ሰምታ መጣችና «አዴ ብርቄ፣ ክርክራችንን ሳንጨርስ ነው የምትሄደው?» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ለሕብረት አባቷ አንተ ነህ፤ አልክድም። እንግዲያው የአባት ወጉን አድርስ፤ ስለ ልጅህ ይቅርታ ጠይቅ። ልጄን ግን አልሰጥህም፤ ቁርጥህን እወቅ።

እትዬ ሸዋጌጥን፣ አብይን፣ ትንሿን አሜንን አገላብጠህ ሳምልኝ። ሕብረት እጅ ነስታለች፤ አጥፍታለችና ቀና ብላ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠህ ሰው፣ በአይሱዙ ጭነት ይዞ የመጣው መገርሳ ይባላል። የዱረቲ አባት ነው። ከደጅ እንዳትመልሰው፤ ይቅርታውን ከእሱ ጀምር።

እህትህ ብርቄ
ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.