ከአልጋችን እግር ሥር የነበረው ሳንቃ

ካስዬ፣ የኔ ጌታ፣

አንተ ያለህበት አገር ቁልቁለት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከሌለው ግን እንዴት አድርገህ እንደምትውል ይታየኛል፤ ስትቁነጠነጥ። ከተለያየን ዓመት ሞልቶ ትንሽ አለፈ። ሙት ዓመትህን በቅርቡ አወጣን፣ ሰው ጢም ብሎ መጣልህ። ያን ጊዜውኑ ልጽፍልህ አስቤ በእንግዳ ብዛት ተውኩት። ዛሬ የሚሰፋው ልብስ ተከምሮ እያየኝ፣ ደንበኛ የተቆጣ እንደሆነ ይቆጣ ብዬ ስፌት መኪናዬ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ፣ አለዚያ አታስጨርሰኝም። በራችን ላይ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈ። አዎ፣ ያው አንተ በሳንቃህ የምትንደረደርበት! ሰፈርተኛው ሲያመሰግን እኔ ሳቄ መጣ፤ ካሳሁን ቢኖር ድንጋዩን ሌሊት እየተነሳ አንድ በአንድ ይነቅለው ነበር አልኩ። ማዕዘኑ ላይ ባጃጆች ተራ ይዘዋል። መብራቱ እንደ ድሮው ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። የእንጨት ሥራ ቤትህን ለአንድ ዲሽ ገጣሚ አከራየሁት፤ መጋዝህንና መላጊያህን ግን ማንም አልነካም፣ እንጨት ቆንጥጦ የሚይዝልህ ሞርሳህም ከነጠረጴዛው ሳሎን ገብቷል። እንግዳ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል፤ የባለቤቴ ነው እላለሁ፣ በቃ። ሜሮን ሚኒስትሪ ተፈትና አለፈችልህ። ቁመቷ አንተን ሊያክል ምንም አልቀረው። ቀሚሷን ባስረዘምኩላት ማግስት ደግሞ ያጥራታል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ታስታውሳለህ አይደል? ዱቦ፣ ሚሲዮኖቹ ዘንድ፣ በር ልትገጥም ሄደህ፣ ከፈረንጅ እንግዶች አንዱ ወጣት ባለ ጎማ ሳንቃ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲወርድ አየህ። ማታ እራት አቅርቤ አልበላም አልክ። ልጁን ለምነህ ሳንቃውን በስንዝር ለክተኸው ኖሮ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ጠረጴዛው ላይ እጅህን እየዘረጋህ፣ ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ ወርዱ ይሄን ያህል፣ መሐሉ እንዲህ ጎበጥ ያለ፣ ስሙም ሎንግቦርድ ነው አልከኝ። ፀሐይ መትቶታል ብዬ ግንባርህን ዳሰስኩ። ጺሙ የሸበተ አባወራ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛ፣ ሰው ቤቱን አምኖ የሚሰጠው አናጺ፣ እንደ ጎረምሳ ሊንሸራተት! ሰው ምን ይላል አልኩህ። አንተ ግን ኮምፔንሳቶ የት እንደምታገኝ እያሰብክ ነበር።

አገኘህም። ኮምፔንሳቶውን በስሱ እየቆረጥክ፣ በኮላ እያጣበቅክ፣ ከላይ ዋንዛ ደረብክበት። መሐሉ እንዲጎብጥ ታዲያ ከባድ ነገር ተጭኖት መድረቅ አለበት። ድንጋይ ሞከርክ፣ አልሆነም። የበቆሎ ጆንያ ሞከርክ፣ እየተንሸራተተ አስቸገረህ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አልጋችን ተንጋዷል! የሳንቃውን ሁለት ጫፎች በጉማጅ እንጨት አስደግፈህ፣ በእኔ በኩል ያለውን አንዱን የአልጋ እግር መሐሉ ላይ አሳርፈህበታል። ሌላኛው እግር እንዳይንጠለጠል ደግሞ ብሎኬት ከተህለታል። ስንተኛ ክብደታችን ይጫነዋል አልከኝ፤ ኩራትህ አይጣል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋው በእኔ በኩል ከፍ፣ በአንተ በኩል ዝቅ ብሎ ሌሊቱን ወደ አንተ እየተንከባለልኩ አድር ጀመር። ኮላው በሦስት ቀን ይደርቃል ብለህ ነበር። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ አንተ ገና እርጥብ ነው ትላለህ። ካስዬ፣ ሆን ብለህ እንደሆነ የማላውቅ መስሎህ ነው? ዝም ያልኩህ ስለተመቸኝ ነው።

መጀመሪያ በባዶ ኩሽኔታ የወረድክ ቀን ጩኸቱ ሰፈሩን ቀሰቀሰው፤ የጎረቤቱ ውሻ ሁሉ ከኋላህ። ከዚያ ገበያ በረባሶ ሠሪው ዘንድ ሄደህ ከከባድ መኪና ጎማ ክብ ክብ አስቆርጠህ ኩሽኔታውን አለበስከው። ጎማዎቹን የሚይዘውን ብረት በያጁ ሠራልህ፤ ሰው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ሳንቃው ወደዚያው እንዲታጠፍ መሐሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ገባበት። ይሄን ሁሉ እንዴት ታውቂያለሽ ካልከኝ፣ ሌላ ወሬ ነበረህ እንዴ! እኔም ብሆን እያጉረመረምኩ ከጆንያና ከስፖንጅ የጉልበት መከለያ ሰፋሁልህ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው አስፋልት ጭር ሲል፣ አንተ ከላይ ትነሳለህ፣ እኔ ሰው እንዳያውቀኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ዳር እቆማለሁ። እጆችህን ዘርግተህ፣ ኮትህ ከኋላህ ተነስቶ፣ ኩርባው ላይ ስትሰወር እመቤቴን እጠራለሁ። ከዚያ ሳንቃውን በብብትህ ይዘህ እያለከለክህ ሽቅብ ብቅ ስትል ፊትህ! በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ አልበራም። እናደድ ነበር፣ ደስም ይለኝ ነበር፤ የቱ ይበልጥ እንደነበር ዛሬም አላውቀውም።

ቀጥለህ ደግሞ ጠበብና ቀለል ያለ ሌላ ሳንቃ ጀመርክ። የሜሮን ነው አልከኝ። እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም አልኩህ፤ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ አስፋልት ላይ አላፈሳትም አልኩህ። አንተ መቼ ትከራከራለህ፤ ዝም ብለህ ኮላህን ቀብተህ ከአልጋው እግር ሥር ከተትከው። አልጋው እንደገና ተንጋደደ። እሱ እዚያው እንዳለ ታመምክ።

ሐኪሞቹ ጉበት ነው፣ ቆይቷል ያሉን ኋላ ነው። እኔ ያወቅኩት ግን ከቅዳሴ ተመልሰህ ሳንቃህን ከግድግዳው ሳታነሳ የተቀመጥክ እሁድ ነው። ዛሬ ይቅርብኝ አልከኝ። ያ ሁሉ ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ! ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ።

ለቅሶህ ላይ የሆነውንም ስማ። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ዳና ከበዴሳ ሲደርስ ዓይኑ ደም መስሏል። ከመታመምህ በፊት ወድቀህ ክርንህ መላጡን ሰምቶ ኖሮ፣ ይቺ እንጨት ናት የበላችው እያለ ሳንቃህን በመጥረቢያ ሰነጠቀና ከንፍሮው ድስት ሥር ማገደው። እኔ ድንኳን ውስጥ በሴቶች ተከብቤ ምኑንም አላየሁ፤ ሽታው ነው የነገረኝ፣ የቨርኒሹ ሽታ። ለቀስተኛው በሳንቃህ የበሰለውን ንፍሮ ዘግኖ ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሊያጽናናኝ የመጣ ሁሉ፣ ያ እንጨት ጉድ ሠራን ይለኛል። በሽታ ነው እላለሁ። ልክ ነሽ፣ እግዜር ያጥናሽ ይሉኛል፣ እንጨቱን እያሰቡ። እንዴት እንደምንገበገብ! አንተ በጨዋታ የተቀጨ ሞኝ ተብለህ ልትቀር ነው። ዓመቱን ሙሉ አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው።

የሜሮንን ሳንቃ ግን ማንም አላወቀም፤ የአልጋ ልብሱ መሬት ድረስ ይሸፍነዋል። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተኛም ተብሎ እሷ በአንተ በኩል መተኛት ጀመረች። አልጋው ምን ሆኖ ነው ስትለኝ ወለሉ ነው አልኳት። ካወጣሁት ወይ ማቃጠል ነው፣ ወይ ለልጅቷ መስጠት ነው። ሁለቱም አቃተኝ። አንተን ቀብሬ ደግሞ እሷን በቁልቁለት ልልቀቃት? እዚያው ይክረም አልኩ።

ለሙት ዓመትህ ቤት ሳጸዳ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘሁ። ባነሳው ከበደኝ። ብከፍተው ብረቶችህ! ኩሽኔታው፣ ቡሎኑ፣ ዳዶው፣ ሁሉም በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ። ድንኳኑ ሲፈርስ ከአመዱ ውስጥ ለቅማው ኖሯል፣ ያቺ ልጅህ። አልዞር ያሉትን ኩሽኔታዎች ከጋራዥ ለምና ተክታለች። ጎማውን ያው በረባሶ ሠሪ ነው የቆረጠላት፤ የአባትሽን ልክ አልረሳሁትም ብሏታል።

ጉድ እኮ ነው፤ እኔ ሳንቃውን ከሥሬ፣ እሷ ጎማውን ከቁም ሣጥን ጀርባ ደብቀን በአንድ አልጋ ስንተኛ ከረምን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ አይታ ደርቃ ቀረች። ጩኸቴን ነበር የምትጠብቀው። እኔም ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን ነይ ይሄን አልጋ ከፍ አድርጊልኝ የሚል ሆነ። ጎትቼ አወጣሁላት። አቧራ ለብሷል፣ አጎባበጡን ግን ብታየው! መጀመሪያ አንተና እኔ፣ ኋላም እኔና እሷ የተኛንበት ነው። ሜሮን በመዳፏ ስትጠርገው እንባዋ ይንጠባጠብበት ነበር። አባባ ያንቺ ነው ብሎኝ ነበር አለችኝ። ለካ ለእሷም ነግረሃታል!

ጋሽ ዳና ለሙት ዓመትህ ወይፈን ይዞ መጣ። ሥጋው በሚያቃጥል ዳጣ እየተጠቀሰ ተበልቶ እንግዳው ሲሸኝ፣ ከምደብቀው ብዬ ሜሮን ጎማውን የገጠመችለትን ሳንቃ ፊቱ አቆምኩት። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! አማርኛውን ታውቀው የለ፣ ሲናደድ ሜሮንን አንተ ይላታል። አንተም እንዳባትህ ልትሞት ነው ብሎ ጮኸባት። ከዚህ ቤት ሬሳ አልሸከምም፣ ደከመኝ አለ። እኔም ደሜ ፈላ። ጋሼ ብዬ ቆምኩ፣ ካሳሁንን ሳንቃ አልገደለውም፤ ሳንቃውን ሲተው ነው እንደሚሞት ያወቅኩት። ሲወርድ አላየኸውም፣ እኔ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያን ጊዜ ደህና ሆኖ አያውቅም አልኩት። ያችን እሁድ ነገርኩት፤ ፀሐዩን፣ ጭር ያለውን መንገድ፣ ይቅርብኝ ያልከውን። እሱም ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በለቅሶህ ቀን ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ወደ ስፌት መኪናዬ ሄጄ የሜሮንን ጉልበት ለካሁና መከለያ መስፋት ጀመርኩ።

በማግስቱ ማለዳ ሄድን። ላይኛውን ቁልቁለት አልፈቀድኩም፣ ታችኛውን ለስለስ ያለውን ነው። የሞተር ሄልሜት ተውሰን አድርጋለች። ጋሽ ዳና ሳንጠራው ከብት የሚነዳበትን ዱላ ይዞ ከኋላችን መጣ፤ ኩርፊያው እንዳለ ነው። አየሁ ለማለት ነው እንጂ ምን ይሠራል ስል፣ ኩርባው ድረስ ወርዶ አስፋልቱ መሐል ቆመ። ከታች አንድ አይሱዙ ሲመጣ ዱላውን አነሳበት። ሾፌሩ ክላክሱን ቢያስጮኸው ንቅንቅ አላለም፤ ቁም፣ የወንድሜ ልጅ ይለፍ ብሎ አገሩን አቀለጠው። ሜሮንም እጆቿን ዘርግታ፣ ያንተው አቋቋም፣ ያችው ትከሻ፣ አጠገቡ ሹልክ ብላ አለፈች። አልወደቀችም። እኔ በዚህ ጊዜ ነጠላዬን ከፊቴ ገልጬ እልል እያልኩ ነበር፤ ሰው ምን ይላል ማለት ለካ ይረሳል።

ሽቅብ ስንመለስ ጋሽ ዳና ሳንቃውን ተቀበላትና ትከሻው ላይ አደረገው፤ በቀብርህ ቀን አንተን በተሸከመበት ትከሻ። ቅዳሴ የሚሄድ ሰው እየቆመ ምንድን ነው ይለዋል። እሱም ለእያንዳንዱ እየቆመ፣ የወንድሜ ሥራ ናት፣ ያለ ሚስማር የሠራት ይላል። ሚስማር መኖር አለመኖሩን የት ያውቃል! ግን ልክ ነው። እስከ በራችን ድረስ አላወረደውም። ዓመቱን ሙሉ አንጀቴን ያሳረረው ነገር መንገድ ላይ ቀረ።

ሜሮን ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነኝ ብላ ወደ አልጋዋ ተመልሳለች። ሳንቃው ሞርሳህ አጠገብ ግድግዳ ተደግፏል፣ እሁድ እሁድ ይነሳል። የእኛ አልጋ ቀጥ አለ። ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። በሦስተኛው ቀን ብሎኬቱንና ጉማጁን ፈልጌ በእኔ በኩል ካሉት እግሮች ሥር መልሼ ከተትኩ። ሳቅብኝ እሺ፣ ሞኝ ናት በለኝ። አልረሳህም ብዬ መማል አልወድም፣ ታውቀኛለህ። ዕድሜዬን ሙሉ ግን ይሄን አልጋ ማንም አያቃናውም፤ በየማታው ወደ አንተ በኩል እየተንከባለልኩ አድራለሁ።

ያንተው አስቴር