የአቶ ምሕረቴ ቦት ጫማ

መርጡለ ማርያም፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዛሬ ወይዘሮ ጥሩነሽ የባላቸውን ቦት ጫማ አጥበው ወደምጠብቀው የቁፋሮ ዕቃ ቤት አመጡልኝ። ባላቸው አቶ ምሕረቴ ባለፈው ሳምንት ከቁፋሮው ጉድጓድ ሲወጡ፣ መሰላሉ ላይ ጫማቸው ወልቆ ወድቀው ሞቱ። የጥንቱን ፍርስራሽ በፈቃዳቸው ሊቆፍሩ ለመጡት ገበሬዎች ሁሉ የብረት ቆብና ጫማ ያደልኩት እኔ ነኝ። ለእሳቸው ልክ የሚሆን አልነበረም። «ሰፋ አይልዎትም?» ብላቸው «ደህና ነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ እኔም ለሚቀጥለው ሰው ማደሌን ቀጠልኩ። አሁን መሰላሉን በረገጥኩ ቁጥር ያ «ደህና ነው» ይሰማኛል።

አላስቻለኝም። «እማማ፣ ጫማው ሰፊ እንደነበር አውቅ ነበር» አልኳቸው።

«እሱስ መች አጣው?» አሉኝ። «ጨርቅ ጠቅጥቅበት ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ‹ጠቅጥቄ ቢያየኝ ያ የሰጠኝ ልጅ ያፍራል› አለኝ።»

ሲሄዱ እንኳ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።