ስለ ጤነኛዋ ልጄ ጣፊያ

ይድረስ ሕሙማንን ከአዲስ አበባ ወደ ህንድ ለሚልከው ቢሮ፣ ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ጣፊያዎም በቦታው እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ፣ ይህን ለመጻፍ ያህል ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጄ ማቴዎስ የደም ካንሰር በያዘው ጊዜ፣ የእኅቱ የሕሊና መቅኔ ከእርሱ ጋር ገጠመ ተባልን። በንፋስ መውጫ ልብስ ሰፊ የነበረችው ሕሊና፣ ራሷን እንኳ አሟት የማታውቀው፣ «ለወንድሜ ያልሆነ ደም ለምኔ ነው?» ብላ ተነሣች። ስቴም ሴል የሚባለው የደም ዘር ከመቅኔዋ ወጥቶ በደሟ እንዲበዛ አምስት ቀን መርፌ እንደምትወጋ ነገራችሁን። ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ ከነገራችሁን ሁሉ ትልቁ ይኸው ነበርና።

ቅሬታዬን፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ በተራ ላቅርብ።

፩. መርፌው አልፎ አልፎ የጤነኛን ሰው ጣፊያ አሳብጦ ሊያፈነዳ እንደሚችል በስምንት ገጽ የእንግሊዝኛ የፈቃድ ወረቀት መሐል መጻፋችሁን በኋላ ሰማሁ። ሕሊና «ምን ይላል?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጸሐፊዎ «የተለመደ ነው፣ ፈርሚ» አለቻት።

፪. ህንድ ሐኪም ቤት ሳለን፣ መርፌውን በጀመረች በአራተኛው ቀን ግራ ጎኗን ወጋት፤ ሕመሙም ወደ ትከሻዋ ወጣ። ሐኪም ጥራልኝ ብላ የቢሮዎን አስተርጓሚ ለመነችው። እርሱም እኔ ቆሜ እየሰማሁ «በሽተኛው ወንድምሽ ነው፤ አንቺ ጤነኛ ነሽ፤ አታሳፍሪን» አላት። እርሷም አፈረች፤ እኔም አብሬ ዝም አልሁ፤ ለዚህ ራሴንም አልምርም። በማግሥቱ ስቴም ሴሉን ሰጥታ ከአልጋ ስትነሣ ወደቀች። ሐኪሞቹ ሆዷን ቢከፍቱት ደም ሞልቶት ነበር፤ የተቀደደውን ጣፊያ አውጥተው ነፍሷን አተረፏት።

፫. ብጽፍልዎ «እጅግ በጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ» ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው፤ ሐኪሞቹም እንዲሁ ብለውኛል። እኔ ግን ያለችኝ አንዲት ሕሊና ናት። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ፍለጋ መሄዱን ለደቀ መዛሙርቴ ሳስተምር ኖሬ፣ ዘጠና ዘጠኙን ቆጥሮ በሰላም የሚተኛ እረኛ መኖሩን ከእርስዎ ተማርሁ።

ማቴዎስ ድኖ ያርሳል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን አልረግምም። ሕሊና ግን በሽታ የሚከላከልላት ጣፊያ የላትምና ትንሽ ባተኮሳት ቁጥር ሐኪም ቤት ይዘናት እንሮጣለን፤ በዚያ ቀን ወንድሟ እህል አይቀምስም። እርሷ እንዲህ ትላለች፦ «ቢነግሩኝም እሰጥ ነበር፤ ትከሻዬን ባመመኝ ጊዜ ግን አላፍርም ነበር።»

ለቢሮዎ ጆሮ እየለመንሁ፣ ከዚያ መልስዎ ወዲህ ላለው ዝምታዎ ርዝመት በአክብሮት እጅ የምነሣ፣

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት፤ ነሐሴ ፳፻፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ስንዱ የምትባል የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ለእናቷ ስቴም ሴል ልትሰጥ በመጪው ወር ወደ ቢሮዎ ትመጣለች። ሕሊና ሦስት ቀን አብራት ተቀምጣ ሁሉንም አስጠንታታለች። የምትጠይቃችሁን መመለስ ቢያቅታችሁ አትጨነቁ፤ ታስረዳችኋለች።