የሁለተኛው ደብተር ሰዓት

ዲላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለቀድሞ ተማሪዬ፣

እንደምን ከርመሃል? የላይፕዚግ ብርድ ደረትህን እንዳይጎዳው እናትህ በየእሑዱ በጸሎት ታሳስብሃለች። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ዓይኔም ገና ቁጥር ይለያል።

ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የላክኸው ጽሑፍ ደረሰ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኮምፒዩተሩ የላይፕዚግን ከተማ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ፣ ከየጭስ ማውጫው የሚወጣው የከሰል ጭስ በየሰዓቱ ወዴት እንደሚሄድ ማስላቱ ያስደንቃል። ለትልቅ ከተማ ከመታመኑ በፊት አንድ ጭስ ማውጫ ብቻ ባለው ሸለቆ መፈተኑም ተገቢ ነው። ሸለቆው የእኛው ነው፤ ጭስ ማውጫውም የቡና መቀሸሪያው።

ቁጥሮቹን የሰበሰበውን ግን "አንድ የአካባቢው ተመልካች" ብለኸዋል። አንድ! የመጀመሪያውን ደብተር እኔ፣ ሁለተኛውን ልጄ ሙሉካ እንደሞላን አንተ ታውቃለህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ፀሐይ ሳትል፣ ተዳፋቱ ላይ በኖራ ከቀባናቸው ስምንት ግንዶች ስንቱ በጭሱ ውስጥ እንደሚታይ ቆማ እየቆጠረች ከነሰዓቱ ጽፋለች። ባለሱቁ ሸምሰዲን፣ "ሙሉካ፣ ጭሱን ቆጥረሽ ስትጨርሺ ለእኔም ግማሽ ኪሎ መዝኚልኝ" እያለ ሲስቅባት፣ "ለሠርጌ ነው የማጠራቅመው፤ ለአንተ አይተርፍም" ትለው ነበር። ቀለበትህ ያኔ ጣቷ ላይ ነበረ። ደብተሩ በደረሰህ በወሩ፣ ሠርጉን በአምስት መስመር ደብዳቤ አፈረስከው።

አሁን ሠንጠረዥ አራትን እንይ። በዲላ ጭስ የሚበረታው ቀትር አለፍ ሲል ነው ይላል። እዚህ ተወልደህ እጅህ ይህን እንዴት ጻፈ? ጠዋት ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ቀትር ላይ ከአባያ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። የእኔ ደብተር በእኛ ሰዓት ነው። የጠዋቱን አንድ ሰዓት ስድስት ደምረህ ሰባት ማድረግህ ልክ ነው። ሙሉካ ግን የጻፈችው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእሷ ሰባት ያው የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ልትሄድ ስትነሣ፣ "ለኮምፒዩተሩ እንዲመች በፈረንጅ ሰዓት ጻፊልኝ" ያልካት አንተው ነህ። እሷን ስትረሳ ይህንንም ረሳኸው። በሰባቷ ላይ ሌላ ስድስት ጨመርክ፤ ጠዋቷን ቀትር አደረግኸው። ኮምፒዩተሩም በዚህ ተስተካክሎ፣ የላይፕዚግ ትልልቅ የከሰል ማሞቂያዎች በማለዳ ቢቀጣጠሉ ይሻላል ብሎ ይመክራል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት።

ስህተቱን መጀመሪያ ያገኘችው ሙሉካ ናት፤ በጥር። በዚያው ቀን፣ ማንም ሳያውቅብህ እንድታርመው አራት ገጽ ጻፈችልህ። "አባባ፣ ሰው ፊት ከማፈሩ በፊት ይድረሰው" ብላ ፖስታ ቤት እንዳደርስላት ሰጠችኝ።

አላደረስኩትም።

በምትኩ ለፕሮፌሰርህ ጻፍኩ። በካርቦን ካስቀረሁት ግልባጭ ከሁለቱም ደብተር ሁለት ሁለት ገጽ አያያዝኩ፤ ሁለተኛውን ማን እንደሞላው ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩለት። መልሱ ትናንት መጣ። አመስግኖኛል፤ የዶክትሬት ማዕረግ ፈተናህም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ መቆሙን ነግሮኛል። የማላውቃቸው የሰው አገር ልጆች ከጭሱ ይተርፋሉ። አንተን ግን ላተርፍህ አልፈለግሁም። ለዚህ አራት ወር ጠብቄአለሁ፤ ቢያስፈልግ አራት ዓመትም እጠብቅ ነበር።

ሙሉካ ይህን አታውቅም። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ፖስታ ቤት ትሄዳለች። ዛሬ ጠዋት፣ "አባባ፣ ተቀይሞኝ ይሆን?" አለችኝ። "ያ ልጅ ድሮም ሲጠሩት አይሰማም" አልኳት።

አራቱን ገጽ አንብቤያቸዋለሁ። ስለ ሰዓቱ የሚያወራው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን አንተ አታነባቸውም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ሥራህን ከሀ ጀምረህ ለመድገም የሚበቃ ያድርገው።

የሙሉካ አባት