ለሆዮ የላክሽው ማስክ

ውድ እህቴ ፊርዶስ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ወገቤን ያልሽው ተሻለሽ ወይ? ፋብሪካው ውስጥ አሁንም ቆመሽ ነው የምትውዪው ወይስ መቀመጫ ሰጡሽ? የኮሪያ ብርድስ ጀመረ? አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ግን ዛሬ አልጽፍልሽም። ሦስት ወር ሙሉ እሱን ስልሽ ከረምኩ፣ ከእንግዲህ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ ሳሕራ ናት፣ የጎረቤታችን የሃምዳ ልጅ። ለትምህርት ወደዚያው ስትመጣ አጠገብሽ ሳትቀመጥ እንዳትሰጥሽ አስምያታለሁ። እጇን ያዢ። ፊርዶስ፣ ሆዮ የለችም፤ እናታችን ሞታለች። ነሐሴ 14 ረቡዕ ዙሁር ሰግዳ፣ ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም አለች። ሆስፒታል ሳናደርሳት ነፍሷ ወጣች። ደም ግፊት ነው አሉን። በዚያኑ ዕለት ከመግሪብ በፊት ቀበርናት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ያልነገርንሽ አብቲ አብዲቃድር ስለከለከለን ነው። አጎታችን እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ማን ይዟት ታለቅሳለች፣ ለእረፍት ስትመጣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይነግራታል አለ። ለቀስተኛውም ሁሉ ልክ ነው አለው። እኔም እሺ አልኩ። በደወልሽ ቁጥር ሆዮ መልካ ጀብዱ አክስታችን ጋ ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም፣ ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል እያልኩ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ ሳታውቂ ያንን ፊት ላይ የሚለጠፍ ማስክ መላክሽን አላቆምሽም።

የመጀመሪያው ፖስታ የመጣ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሆዮ እዚሁ ድሬ ዳዋ ታይዋን ገበያ ሻሽ ስትሸጥ ፀሐዩ ፊቷን አቃጥሎት፣ በላዩ ላይ አንድ ነጋዴ የሸጠላት ክሬም ጨምሮበት ጉንጯ ቲማቲም መስሎ ነበር። ቆዳዋ ውሃ ሲነካው እንኳን ይቆጣ ነበር። አንቺ ያንን እርጥብ ጨርቅ ላክሽላት፣ እሷም እንደ ቀሲል ቆጠረችው። ቀሲልማ ቅጠሉን በጥብጠን ተቀብተን፣ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ጠብቀን አይደል የምንታጠበው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቷ ላይ አድርቃ፣ ሲለቅ ቆዳዋን ይዞት ሊሄድ ነበር፣ ከዚያ በሳሙና ፈገፈገችው። ባሰባት። አንቺ በስልክ ሩብ ሰዓት ብቻ፣ እርጥብ ሳለ አንሺው ብለሽ ስትቆጪያት፣ ሳይደርቅ የሚነሳ ነገር ምን ይሠራል ብላ ተከራከረችሽ። በኋላ ግን ሰማችሽ። መብራት ካለ ፍሪጅ ውስጥ ታቀዘቅዘውና ከገበያ ስትመለስ ተለጥፋ ትጋደማለች፤ እንዳታስቁኝ፣ ይወልቅብኛል ትለናለች። በሁለት ወሩ ቀዩ ሁሉ ለቀቀ። ለሰርግ ፊቷን በሻሽ ሳትሸፍን ሄደች።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። መስከረም ላይ አዲሱን ፖስታ ልከሽ፣ ሆዮ ለጥፋው ፎቶ ላኩልኝ፣ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ብለሽ አለቀስሽ። አብቲ ላኩላት አለ። የማንን እንላክ? የእሷን ድርዕ ቀሚስ ለበስኩ፣ ሻሿን አሰርኩ፣ ማስኩን ለጠፍኩ፣ ምንጣፏ ላይ ጋደም አልኩና ወንድማችን ሁዘይፋ አነሳኝ። ያ ጨርቅ ከዓይንና ከአፍ በቀር ምን ያሳያል? አንቺም «ሆዮዬ አምሮብሻል፣ ትንሽ ከስተሻል ግን፣ ብዪ እንጂ» ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ነበርኩ፣ ፊርዶስ። ማስኩ ሥር እያለቀስኩ ስለነበር ሁዘይፋ ሦስቴ ደጋግሞ ነው ያነሳው። ሻሿ እሷን እሷን ይሸት ነበር። ይህን ያደረግኩትን ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እንድታውቂው ብቻ ነው የምፈልገው። በሰላም አልቅሰሽ ለቅሶ መቀመጥ መብትሽ ነበር፣ እኔ ነጠቅኩሽ።

ሁዘይፋ ሰላም ብሎሻል፤ ስልክሽን የማያነሳው አልዋሽም ብሎ ነው፣ አትቀየሚው። ሃምዳ ሰላም ትልሻለች፣ ሆዮን ለቀብር ያጠበቻት እሷ ናት። አብቲ አብዲቃድር መጻፌን አያውቅም፤ ሲያውቅ ይጮህብኝ ይሆናል፣ ይጩህ። ሳሕራን እንደ ታናሽሽ ያዢያት፣ አንቺንም እሷ ትይዝሽ።

አንድ የሆዮ መልእክት ሳላደርስልሽ ቀርቷል። ካደረስኩት መላኩን ታቆሚና ስለ ፊቷ እያወራን መሞቷን የምንሸፍንበት እናጣለን ብዬ ፈርቼ ደበቅኩት። ከመሞቷ በፊት በነበረው ማክሰኞ በመስታወት ጉንጯን እያየች እንዲህ አለችኝ፦ «ለፊርዶስ ንገሪያት፣ እኔ ድኛለሁ፣ ይብቃኝ። እዚያ ብርዱ የእሷን ፊት ይልጠው ይሆናል፣ ስለራሷ አንድ ቀን ነግራን አታውቅም። ከእንግዲህ ለራሷ ትለጥፈው።»

እህትሽ ኢዲል
ድሬ ዳዋ፣ መጋላ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.