የናሁሰናይ ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የሰባተኛ ክፍል ደብተር ሳርም ዋልሁ። ፍኖተ ሰላም ዛሬም ዘነበ። አሥር ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜ ናሁሰናይ ከቡሬ መጣ። በዚህ ብርድ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ... ለካ ሰዓት ሊያሳየኝ ነው። የስዊዝ ነው አለኝ። ገና መጋዘን የተከራየ የበቆሎ ነጋዴ ይኸን ከየት አመጣው? ስጠይቀው ሳቀ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
እማዬ ከአገር ቤት ደወለች። አባዬ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት በእግራቸው ነው። የሚሄዱባት በቅሎስ? ናሁሰናይ "ለሥራ ማስፋፊያ" ብሎ አስፈቅዶ ሸጧታል። ሥራውንማ የእጁ አንጓ ላይ ታስሮ አየሁት። በዚያ ደካማ ጉልበታቸው፣ ያን የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ቡሬ ሄድሁ። መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁት። መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ትልልቆቹ እህል ነጋዴዎች ሆቴል ሲሰበሰቡ ከሰላምታ በፊት የሰው አንጓ ነው የሚያዩት። ከነሱ አንዱ፣ ደረሰ የሚባለው፣ አምስት የእጅ ሰዓት አለው፤ አንዱም በትክክል አይቆጥርም። ዓምና ናሁሰናይን አስተናጋጅ መስሎት ውሃ አምጣ አለው። አመጣለት።

"ሰዓት ለማየትማ ስልክ አለኝ፣ እታለም። ይኸ የማይበት አይደለም፤ እኔው የምታይበት ነው።"

"ታየህ?"

"ማክሰኞ ለታ ወንበር ሳቡልኝ።"

ለወንበር... አባቱን በእግር ሰድዶ። አዘንሁለት ደግሞ። ማዘኔ ይባስ አናደደኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
አገር ቤት ነኝ። አባዬ ማሕሌት መምራት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬ ዳገቱ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስንደርስ ማሕሌቱ አልቆ ቅዳሴ ተገብቷል። ማንም ምንም አላላቸው። ከሁሉ የከፋው ይኸ ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ "ልጄ ሥራ አስፋፍቶ ነው" ይላሉ፣ ኩራት አላቸው። ስለ ሰዓቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውሁት። የወንድሜን ጥፋት ከልጅነቱ ጀምሮ ስሸፍንለት... እስከ መቼ?

እሑድ፣ ኅዳር 8
አባዬ መሪነቱን ለሌላ መሪጌታ አስረከቡ። ተዉ ያላቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው። ደጃፍ ተቀምጠው ከዳገቱ የሚወርደውን የከበሮ ድምፅ ያዳምጣሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ናሁሰናይ ደወለ። ደረሰ ለልጁ ሠርግ ጠርቶታል፤ ደስታው ሌላ ነው። ወሬውን አስጨረስሁት።

"አባዬ ማሕሌት መምራት ትተዋል" አልሁት። "ዳገቱ አቅቷቸው። በቅሎዋ ምን እንደሆነችም ነግሬያቸዋለሁ።"



"ምን አሉ?"

"ምሳ አልበሉም።"

ማልቀስ ጀመረ። አይዞህ ማለት ልማዴ ነው። አላልሁም። ስልኩንም አልዘጋሁም... እስኪበቃው ሰማሁት።